የፎቶግራፍ ምስክርነት

የሰው ልጅ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ ያለ ዝምተኛ ምስክር የለም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ፎቶግራፍ ያየውን ሁሉ ይይዛል፤ የያዘውን ግን በቃል አይናገርም። የሰውየውን የኮት ቍልፍ፣ የጫማውን አቧራ፣ በአጠገቡም የቆመውን አውቶሞቢል እስከ መብራቱ መስታወት ድረስ ያሳየናል፤ ነገር ግን ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ቀኑ መቼ እንደ ነበረ፣ ፈገግታውስ ስለ ምን እንደ ነበረ ብንጠይቀው አይመልስልንም። ሥዕሉን ያነሣውና የተነሣው ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በጀርባውም ላይ የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ ያ ወረቀት ባለቤቱ እንደ ጠፋ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥዕል አንሥቶ «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ ስም የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ኀላፊነት ይወስዳል? እውነቱን ተናገርሁ ለማለትስ ምን ያህል ማወቅ ይበቃዋል? ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብን የአንዳንድ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የጥንት አውቶሞቢሎችን የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቁመው ይኖራሉ። የእንግሊዞቹ የጥንት አውቶሞቢል ክበብ የተቋቋመው በ1930፣ የአሜሪካኖቹም በ1935 ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዓመቱን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ እንደ አገራችን አቆጣጠር እናደርገዋለን፤ ይህን አስቀድመን የምናስታውቅበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል። እነዚህ ሰዎች በመኪናዎቻቸው መደሰት ብቻ አይበቃቸውም። ከአያት ሣጥን የወጣ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ፣ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ባገኙ ጊዜ ለባልንጀሮቻቸው እያሳዩ «ይህ የማን ፋብሪካ ሥራ ነው? በየትኛው ዓመት ተሠራ? መንገዱስ የት ነው?» እያሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያርማል። እኛም ጥቂት ወዳጆች ሆነን በዚሁ ነገር አንዳንድ ምሽት ማሳለፍ ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል።

«ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው፤ ዝጎ አፈር ስለ ሆነ ብረት ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚለን ሰው አይጠፋም። አባባሉ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም። ይሁን እንጂ የሰው ጠባይ በትልቁ ጉዳይ ከመፈተኑ በፊት በትንሹ ይታያል። ማንም በማይቈጣጠረው፣ ማንም በማይከስበት ነገር ላይ እውነትን የሚጠነቀቅ ሰው፣ በብርቱው ጉዳይም ይጠነቀቃል ብለን ተስፋ ልናደርግበት እንችላለን። በትንሹ ነገር ግን እንደ ልቡ የሚፈርድ ሰው በትልቁም እንደ ልቡ መፍረዱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እናስረዳ። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ፤ የጥንት አውቶሞቢልም የሚታወቀው ከአያያዙ ነው። አጉሊ መነጽሩን የያዘው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የራዲያተሩን መልክ ነው፤ ይህ ለአውቶሞቢል እንደ ፊት ነውና። ቀጥሎ መብራቶቹ በዘይት ወይስ በጋዝ ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሆናቸውን፣ መንኰራኵሮቹ የእንጨት ወይስ የሽቦ መሆናቸውን፣ የፓራፋንጎውን አጎነባበስ፣ የመሪውን ቦታ ይመረምራል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ «ሞዴል ቲ» እስከ 1916 ሞዴል ድረስ የራዲያተሩ ክፈፍ የሚያብለጨልጭ ናስ ነበር፤ ከ1917 ሞዴል ጀምሮ ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ ሆነ። የፈረንሳዩ ሬኖ ደግሞ ራዲያተሩን ከሞተሩ ኋላ ስላደረገው ኮፈኑ ወደ ፊት እየተዳፋ ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ ከሩቅ ይለያል። የእንግሊዝ ሥዕል ከሆነም ታርጋው ይረዳል፤ በ1903 የወጣው የአውቶሞቢል ሕግ ከጥር 1 ቀን 1904 ጀምሮ ታርጋን አስገዳጅ ሲያደርግ ለየአውራጃው ፊደል ተሰጥቶ ነበርና፣ «ኤ» የሚለው ፊደል ብቻውን ከቁጥር ጋር ቢታይ መኪናው በሎንዶን የተመዘገበ መሆኑን ያስታውቃል።

ታዲያ ምልክቱ ሁሉ እንዲህ ግልጽ ቢሆን ኖሮ የሞራል ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ምልክት ግን እንደሚያስረዳ ሁሉ ያታልላል። ወደ ፊት የሚዳፋውን ኮፈን የሠራ ሬኖ ብቻ አይደለም፤ ሻሮን የተባለውን ፋብሪካ የመሰሉ ሌሎችም ሠርተውታል። ኔጋቲፉ ተገልብጦ የታተመ እንደ ሆነ የቀኙ መሪ ወደ ግራ ይዞራል፤ መርማሪውም አገሩን ይስታል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የቀድሞዎቹ የፎቶግራፍ ቤቶች ልማድ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከእንጨት የተሠራና ቀለም የተቀባ የአውቶሞቢል አምሳል በቤታቸው ያቆሙ ነበር፤ ደንበኛው በላዩ ተቀምጦ፣ መሪውንም ጨብጦ፣ ከጀርባው በሸራ ላይ የተሣለ መንገድ እየታየ ይነሣ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቹ ሥዕሉን አይተው «አያታችን ባለ መኪና ነበር» ይላሉ። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ያየውን አሳየ እንጂ «የእሱ ነው» አላለም። የዋሸው፣ ሥዕሉ ያላለውን በሥዕሉ አፍ የተናገረው ሰው ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ ደንብ ማውጣት ይቻላል። አውቶሞቢል ስለ ፎቶግራፉ ዘመን የሚመሰክረው የመጀመሪያውን ወሰን ብቻ ነው። መኪናው በ1920 የተሠራ እንደ ሆነ ሥዕሉ ከ1920 በፊት ሊነሣ ከቶ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ወር ይሁን በ20 ዓመት መኪናው አያውቅም። እንግዲህ «ይህ መኪና የ1920 ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ የ1920 ነው» የሚል ሰው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ዘሏል፤ ዝላዩም እጅግ አጭር ስለሚመስል እንደ ዘለለ እንኳ አይታወቀውም። አብዛኛው የሰው ስሕተት ከዚህ ዓይነት አጭር ዝላይ የተወለደ ይመስለናል።

የሥዕሉ ባለቤት ራሱ ቢመሰክርስ? እሱም ቢሆን ከስሕተት አይድንም። በፈረንሳይ አገር በ1894 የተወለደው ዣክ አንሪ ላርቲግ ገና ሕፃን ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረ ሰው ነበር። እሱ ካነሣቸው ሥዕሎች እጅግ የታወቀው በፈረንሳይ የአውቶሞቢል ክበብ ታላቅ እሽቅድምድም ላይ ሲበር የያዘው ቁጥር 6 መኪና ነው። መንኰራኵሩ ወደ ፊት እንደ ዕንቁላል ተንጋዶ፣ በዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ኋላ ተዘንብለው ይታያሉ። ይህ የሆነው የካሜራው መጋረጃ ቀጭን ክፍተት ሥዕሉን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ስለ ገለጠው ነው፤ መኪናው ክፍተቱ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ፊት ሄዷል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ካሜራውን ወደ መኪናው አቅጣጫ እያዞረ ስለ ነበር ቆመው የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ያዘነበሉ መሰሉ። ይህ ሥዕል ለብዙ ዓመታት የ1912 ነው እየተባለ ታተመ፤ የ1912ቱ እሽቅድምድም የተደረገው በዲየፕ ነበር። ኋላ ግን መኪናውንና ቁጥሩን ከእሽቅድምድሙ መዝገብ ጋር ያስተያዩ ሰዎች፣ ሥዕሉ የተነሣው በሐምሌ ወር 1913 በአሚያን በተደረገው እሽቅድምድም እንደ ሆነ፣ መኪናውም ክሮኬ የተባለው ሰው የነዳው የቴኦፊል ሽኔደር ፋብሪካ ሥራ እንደ ሆነ አስረዱ።

«1912 ቢሆን 1913፣ ሥዕሉ ያው ሥዕል አይደለምን? ውበቱስ በአንድ ዓመት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይቻላል። ስለ ውበቱ ከሆነ ምንም አይጨምርም፤ ምንም አይቀንስም። ይሁን እንጂ በዚያ መኪና ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ያ ሰው በዚያ ቀን ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቶ፣ አቧራና ዘይት ጠጥቶ የሄደበት መንገድ በሌላ ከተማና በሌላ ዓመት ስም ሲጠራ ኖረ። ሥዕሉ ዓለምን ሲዞር እሱ ስም የሌለው የሥዕሉ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ስሙ በተመለሰለት ጊዜ ሥዕሉ አልተለወጠም፤ እኛ ተመልካቾቹ ግን ተለወጥን፤ ቀድሞ ፍጥነትን እናይ ነበር፣ አሁን ግን ሰው እናያለን። ስምን ለባለቤቱ መመለስ ገንዘብን ለባለቤቱ እንደ መመለስ ያለ ፍርድ ነው፤ ባለ ገንዘቡ መሞቱ ዕዳውን አያስቀረውም።

ከስሕተት የሚከፋ ደግሞ ፈተና አለ። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በኅዳር ወር ከሎንዶን እስከ ብራይተን የሚደረግ የጥንት አውቶሞቢሎች ጉዞ አለ። መነሻው በ1896 አዲስ የወጣውን የመንገድ ሕግ በደስታ ለመቀበል የተደረገው ጉዞ ሲሆን፣ መታሰቢያው ከ1927 ወዲህ ይከበራል። በዚህ ጉዞ እንዲካፈሉ የተወሰነው ከጥር 1 ቀን 1905 በፊት የተሠሩ መኪናዎች ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በ1904 መጨረሻ የተሠራና በ1905 መጀመሪያ የተሠራ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን ላይለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ ግን በክብር ይገባል፣ ሌላው በበር ይቀራል። በክብር የገባውም ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ የእንግሊዞቹ ክበብ የየመኪናውን ዘመን መርምረው የሚወስኑ አዋቂዎችን ሰየመ፤ ባለ መኪናውም አሮጌ ፎቶግራፍና ወረቀት እየፈለገ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ አንዲት ትንሽ ሥዕል የዳኛ ፊት ምስክር ሆና ትቆማለች። ባለ መኪናው ሊዋሽ አይፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን ልቡ የሚመኘውን ምልክት ዓይኑ ፈጥኖ ያገኘዋል፤ የማይመኘውን ደግሞ ጥላ ነው፣ የወረቀቱ እድፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሰው ሌላውን ከማታለሉ በፊት ራሱን ያታልላል የሚባለው ስለዚህ ነው። ስለዚህም በገዛ ነገሩ ላይ ዳኛ የሚሆን ሰው፣ ጻድቅ እንኳ ቢሆን፣ ፍርዱን ለሌላ ዓይን ማሳየት ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ እኛ ከስሕተቱ ንጹሕ የሆንን እንዳይመስል የራሳችንን በደል ለአንባቢ መናዘዝ አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት፣ አሮጌ ሥዕል እንደምንመረምር ሰምተው፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ ይዘው ወደ እኛ መጡ። በሥዕሉ ላይ ነጭ ተነፋነፍ ሱሪ የለበሰ፣ ከላዩ ኮት የደረበ ቀጭን ሰው እጁን በአንድ አውቶሞቢል ኮፈን ላይ አሳርፎ ቆሟል። በጀርባው በእርሳስ «1935» ከሚል ቁጥር በቀር የተጻፈበት የለም። «አባቴ ናቸው» አሉን፤ «የወንድሜ ልጅ ታሪክ ያነበበ ነው፤ 1935 ጦርነቱ የተጀመረበት የፈረንጅ ዓመት ነው ብሎ፣ በአልበሙ ላይ ‹ከወረራው በፊት› ብሎ ጽፎበታል። እኔ ለልጅ ልጆቼ በመስታወት አስገብቼ ልሰቅለው ነው። መኪናው ምን እንደሚባልና የራሳቸው እንደ ነበረ ልታውቁልኝ ትችላላችሁ ወይ?»

እኛም አጉሊ መነጽራችንን አንሥተን፣ ለእውቀታችን ማሳያ በማግኘታችን ደስ እያለን ተመለከትን። መልሱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም። መኪናው ፊያት 1100 ነበር፤ አፍንጫው ወደ ፊት የሾለ፣ ጣልያኖች «ሙዞኔ»፣ ማለት ባለ ትልቅ አፍንጫ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህ መልክ ደግሞ ከ1939 በፊት አልተሠራም። «እማማ፣ ሥዕሉ ከወረራው በፊት የተነሣ ሊሆን አይችልም፤ ይህ መኪና ያን ጊዜ በዓለም ላይ አልነበረም» አልናቸው። እስከዚህ ድረስ የተናገርነው እውነት ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ እየሣቀ፣ «እንግዲህ አባትዎ የጣልያኖቹ ሾፌር ነበሩ ማለት ነዋ!» ብሎ ጨመረበት፤ እኛም ሌሎቻችን ሣቅን እንጂ አልገሠጽነውም። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቈረ። «አባቴ አምስቱን ዓመት በዱር ነበርሁ ብለው ነው ያሳደጉን» አሉ በዝግታ። ሥዕሉን በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉት፤ ያቀረብንላቸውንም ቡና ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ነገሩ የገባን ካደረ በኋላ ነው። ጠዋት ስንነጋገር አንደኛችን «ለመሆኑ 1935 የማን 1935 ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ዝም አልን። ያ ቁጥር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ቢሆን መኪናው ገና አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ሊሆን አይችልም። እንደ አገራችን አቆጣጠር ግን 1935 ዓ. ም. በኤውሮፓ 1942 እና 1943 ላይ የሚውል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ነው፤ ጣልያኖች ትተውት የሄዱት መኪናም ከዚያ በኋላ በአገራችን መንገድ ላይ ብዙ ዘመን አገልግሏል። እንግዲህ በጀርባው የተጻፈው ዓመትና በፊቱ የቆመው መኪና ከመጀመሪያው ተስማምተው ሲመሰክሩ ነበር፤ ያልተስማማነው እኛ ነን። የወንድማቸው ልጅ የዘመን ቈጠራውን ተሳሳተ፤ ይህ ቅን ስሕተት ነው። እኛ ግን ስሕተቱን በአንድ ወገን አፍርሰን፣ በፍርስራሹ ላይ የአንድን ሙት ስም የሚያጐድፍ ሌላ ስሕተት ሠራን።

ወደ ቤታቸው ሄደን ነገሩን አስረዳናቸው፤ ይቅርታም ለመንናቸው። መኪናው የአባታቸው የራሳቸው ይሁን የሌላ ሰው ሥዕሉ እንደማይናገር፣ አርበኛ መሆናቸውንም ቢሆን ሥዕሉ እንደማያረጋግጥ፣ እንደማያስተባብልም ጭምር ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ እኔ የጠየቅኋችሁ ስለ መኪናው ነበር፤ እናንተ ስለ አባቴ መለሳችሁልኝ» አሉን። ከዚህ የበለጠ ፍርድ በእኛ ላይ የሚፈርድ መጽሐፍ እስካሁን አላነበብንም።

በእኒህ እናት ቃል ውስጥ ያለውን ትምህርት ከፍለን ብንመለከተው ሦስት ነገር እናገኝበታለን። የመጀመሪያው፣ ያወቁትን መናገር ግዴታ መሆኑ ነው። መኪናው ከ1939 በፊት እንዳልተሠራ እያወቅን፣ እናቲቱ እንዳያዝኑ ብለን ዝም ብንል ኖሮ ሐሰቱን በመስታወት አስገብተን ለልጅ ልጆቻቸው ባወረስናቸው ነበር። ከፍቅር የተነሣ የሚነገር ሐሰትም ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ትክክለኛውን ዓመት እንድናገኝ ያደረገን ያ ደስ የማያሰኘው እውነት ነው። ሁለተኛው፣ እውቀት ባለቀበት ቦታ ንግግርም ማለቅ የሚገባው መሆኑ ነው። ይህ ዝምታ ፈሪነት አይደለም፤ የእውነት አንዱ ክፍል ነው። የሚያውቀውን የደበቀና ያላወቀውን የጨመረ ሁለቱም ምስክርነትን ያበላሻሉ። ሦስተኛው፣ «በእርግጥ» እና «ምናልባት» የሚሉት ቃላት ለየብቻቸው መቀመጥ ያለባቸው መሆኑ ነው። «መኪናው ፊያት ነው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ሥዕሉ የተነሣው በ1935 ዓ. ም. ሳይሆን አይቀርም» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ «ሰውየው እንዲህ ነበር» ማለት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ድምፅ የሚናገር ሰው፣ ሦስቱም እውነት ሆነው ቢገኙ እንኳ፣ እንደ ዕድለኛ እንጂ እንደ እውነተኛ ሊቈጠር አይገባውም።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ምናልባትም ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በእነዚህ አሮጌ ሥዕሎች ላይ ከ80 ዓመት በኋላ የመኪናውን ስም በአንድ ሰዓት እናገኛለን፤ በአጠገቡ የቆመውን ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ ዘመናችንን ሁሉ ብንፈልግ አናገኝም። ይህ ስለ ምን ሆነ? ብረት ከሰው ስለ ከበረ አይደለም። ፋብሪካው የሠራውን ሁሉ በመዝገብ ጽፎ፣ ሥዕሉን በካታሎግ አትሞ፣ ቁጥሩን በብረቱ ላይ ስለ ቀረጸ ነው። ሰው ግን ካታሎግ የለውም፤ ያለው መዝገብ የሚወዱት ሰዎች ትዝታ ነው፤ ያም መዝገብ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል።

በአገራችን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ታሪክ እንኳ ብናነሣ ይኸው ነው። በ1900 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንዳቀረበ የታወቀ ነው። ክሊፎርድ ሃሌ የሚባል ጸሓፊ ስለዚሁ ጉዞ በ1913 በሎንዶን መጽሐፍ አሳትሟል። የመኪናው ስም ሲድሊ እንደ ነበረ ዛሬም እንናገራለን። ይሁን እንጂ የመኪና መንገድ ባልነበረበት በረሃና ተራራ መኪና በራሱ ጉልበት ብቻ አልወጣም። ድንጋዩን የፈነቀሉ፣ ውኃውን የቀዱ፣ አቅጣጫውን ያመለከቱ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ የስንቱን ስም እንጠራለን? በየዘመኑ በተነሡ ሥዕሎች ላይ በመኪናው ዳር ቆመው ወደ እኛ የሚመለከቱት ፊቶች «እኔስ?» የሚሉን ይመስላል።

ስለዚህ የጥንት አውቶሞቢል ወዳጆች ሥራ፣ በትክክል ከተሠራ፣ ከብረት ፍቅር ተነሥቶ ወደ ሰው ፍቅር የሚያደርስ መንገድ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ማወቅ ለሰውየው ቀን የመጀመሪያውን ወሰን ይሰጣል፤ ወሰኑም ፍለጋውን ያቀናል፤ ፍለጋውም አንዳንድ ጊዜ ወደ ስም ያደርሳል። መኪናው በር ነው፤ በሩን አይቶ ከሚመለስ ይልቅ አንኳኵቶ የሚጠይቅ ይሻላል።

አንባቢዎቻችንም በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳይኖራችሁ አይቀርም። አባት ወይም አጎት በቮልስዋገን ወይም በትንሿ ፊያት ሴይቼንቶ አጠገብ ቆሞ፣ ለዚያች ዕለት ሲል ጫማውን አስጠርጎ የተነሣው ይገኝ ይሆናል። የመኪናውን ስም ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ማንም አዋቂ ያገኝላችኋል፤ ስለ እሱ አትጨነቁ። የሰውየውን ስም ግን ዛሬ የሚያውቁት አያታችሁ ብቻ ይሆኑ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሥዕሉን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ሆነ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉበት። ያልታወቀውን «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱን ስትጽፉ ግን፣ እኛ በአንዲት እናት ላይ ከፈጸምነው በደል ተምራችሁ፣ በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ መጨመር አትርሱ።

«እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጋቱ እስኪጠራ ድረስ ሌሊቱን የሚጠብቅ፣ በጨለማም ያላየውን አየሁ የማይል ሰው ያስፈልገዋል።